«ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ?»

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። አውሮፕላኑም በሰውና በከብት ላይ የመርዝ ዝናብ አወረደ።

ሰኔ 23 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ከተማ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ንጉሡ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። ይኸው እናንተ ፊደሉን በምትቆጥሩበት ቋንቋ! የመርዙን ነገር ዘርዝረው በመጨረሻ፣ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ? ሲሉ ጠየቁ።

መልሱስ? በሐምሌ ከኢጣሊያ ጋር እንዳይነገድ የተጣለው እገዳ ተነሣ።

ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ስንወጣ የምንረግጠውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ጣሊያን የሠራው በዚያ ወረራ ዘመን ነው። ለእኛ ብሎ አይደለም፤ የጦር መኪናውን ሊያሳልፍበት ነው። ጎንደር ላይ የመሸገው ጦሩ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው።