ክራር ብቻውን መድረክ ሲወጣ

ካሳ ተሰማንና አስናቀች ወርቁን ያደመጠ ሰው፣ አንድ ድምፅና አንድ ክራር ምን ያህል እንደሚበቁ ያውቃል። ዛሬ ክራሩን አንግቶ ብቻውን ሆቴል ወይም ሰርግ አዳራሽ የሚገባ ድምፃዊን የሚጠብቀው ግን እየበላ የሚጨዋወት ብዙ ሰው ነው። ስለዚህ የድምፅ ዕቃ ያስፈልገዋል። ብዙዎች ገንዘባቸውን አስቀድመው ትልቅ ስፒከር ላይ ያውላሉ። የእኔ ምክር ከክሩ ጀምሩ የሚል ነው፤ ስፒከር የደረሰውን ያጎላል እንጂ የጎደለውን አይሞላም።

የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ፒካፕ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ከኤሌክትሪክ ጊታር የምናውቀው ማግኔታዊ ፒካፕ የሚሠራው ከብረት ክር ጋር ብቻ ነው። ጅማት ወይም ናይለን በተወጠረበት ክራር ላይ ቢገጠም አንዳች ድምፅ አይሰጥም። ለእንዲህ ያለው ክራር የሚሆነው ፒየዞ ነው፤ ሳንቲም የምታህል ስስ ክብ ነገር ናት፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጣለች። የምትለጠፍበት ቦታ ሁሉን ይወስናል። ብርኩማው አጠገብ ስትሆን የጣት ምቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቆዳው መሃል ላይ ድምፁ ይወፍራል፤ ነገር ግን ቆዳው ከስፒከሩ የሚመለሰውንም ድምፅ ስለሚቀበል ድምፁ ትንሽ ከፍ ሲል ጩኸት ይነሳል። በሚላቀቅ ማጣበቂያ ቦታ እየቀያየሩ፣ ስፒከሩ ተከፍቶ መሞከር ይሻላል።

ፒየዞን በቀጥታ ሚክሰር ላይ የሰካ ሰው ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ የቆርቆሮ ድምፅ ይሰማል። ብዙዎች ያኔ ክራሩን ይወቅሳሉ፤ ክራሩ ግን ምንም አላጠፋም። የጎደለው በመካከል የሚገባ ፕሪአምፕ ወይም አክቲቭ ዲአይ ቦክስ ነው፤ የመግቢያ ኢምፒዳንሱ 1 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ዲአይ ቦክሱ ረጅም ኬብል ሲዘረጋ የሚመጣውንም እምምታ ይቀንሳል።

ለዘፈኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚመረተው ሹር ኤስኤም58 ማይክ ዛሬም አያሳፍርም። ከፊቱ ያለውን አጥርቶ ይሰማል፣ ከኋላው የሚመጣውን ይቀንሳል። ኮንደንሰር ማይክ የበለጠ ዝርዝር ያወጣል፤ ግን 48 ቮልት ይፈልጋል፣ የአዳራሹን ጫጫታም አብሮ ይለቅማል።

ከዚህ በኋላ ስፒከሩ ቀላል ነው። ለመካከለኛ አዳራሽ ባለ 10 ወይም 12 ኢንች አክቲቭ ስፒከር በማቆሚያ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ፣ ከተጫዋቹ ፊት ይቁም። መሬት ላይ ከተቀመጠ ቀጭኑን ድምፅ የፊተኛው ወንበር ያስቀረዋል። ግቢ ውስጥ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ስለሚወርድ፣ አንዱን በኃይል ከማስጮህ ሁለተኛ ስፒከር ወደ ኋላ ማስቀመጥ ይመረጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚጫወት ደግሞ ባትሪ ያለውን ይምረጥ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዕቃ መቃኛ ነው። ባንድ ውስጥ አንዱ ሲቃኝ ሌላው ይጫወታል፤ ብቻውን ያለ ሰው ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር የሚሸፍንለት የለም። በእግር የሚረገጥ መቃኛ ከፕሪአምፑ ቀጥሎ ቢገባ፣ ሲረግጡት ድምፁን ይዘጋል፣ ኖታውን በመብራት ያሳያል። ታዳሚው የክር መጎተት አይሰማም፤ ማይኩ ግን ክፍት ስለሆነ ድምፃዊው እየቃኘ ስለሚቀጥለው ዘፈን ሊያወራ ይችላል።