ተረትና እውነታ፦ በመኪና ፍሪጅ ውስጥ ያለው እንግዳ ቁስ

«ቶፖሎጂያዊ ቁስ» ሲባል ብዙ ሰው ከቤተ ሙከራ የማይወጣ፣ በኃይለኛ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልሆነ የማይገኝ ነገር ይመስለዋል። ለመኪና የሚገዛውን፣ በ12 ቮልት የሚሠራውን ትንሽ ፍሪጅ ፈታ አድርጋችሁ እዩት። ከማራገቢያው ሥር ቀይና ጥቁር ሽቦ የወጣለት ስስ ነጭ የሴራሚክ ሰሌዳ አለ። በውስጡ የተደረደሩት ግራጫ እንክብሎች የቢስመዝ ቴሉራይድ ቅይጥ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንዱ ገጹ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል። ይህ ጠባዩ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጥንቃቄ የተሠራ የቢስመዝ ቴሉራይድ ክሪስታል ሌላ ምስጢር ተገለጠ፦ ውስጡ ኤሌክትሪክ ሲከለክል ገጹ ያስተላልፋል። ገጹ ቢፋቅ ከሥሩ የሚወጣው አዲስ ገጽም ያስተላልፋል። እንዲህ ያለው ቁስ ቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር ይባላል። የቅርብ ዘመዱ የቢስመዝ ሴሌናይድ ገጽ በተራ የክፍል ሙቀት ሳይቀር ተለክቷል።

ታዲያ ፍሪጁ የሚያቀዝቅዘው በቶፖሎጂ ነው? አይደለም። በእንክብሎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ተብሎ ሌላ ንጥረ ነገር ስለተቀላቀለ፣ የገጹ ድርሻ በውስጡ ፍሰት ይዋጣል።

ቶፖሎጂ ሲባል የዕቃውን ቅርጽ የሚያስቡም አሉ። ጉዳዩ ያለው በኤሌክትሮኖቹ ሞገድ ላይ ነው። ምሰሶ ዙሪያ ተጠምጥሞ ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ ገመድ ቢላላም ቢጠብቅም ዙሩ ያው ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ይሆናል እንጂ አንድ ተኩል አይሆንም። የኤሌክትሮኖቹም ሞገድ እንዲህ የሚቆጠር ዙር አለው። በ1980 የፊዚክስ ተመራማሪው ክላውስ ፎን ክሊትዚንግ ግሬኖብል ውስጥ፣ በኃይለኛ መግኔትና ቅዝቃዜ፣ የሲሊከን ትራንዚስተር ሲለካ የኤሌክትሪኩን ፍሰት በሚያቋርጥ አቅጣጫ ያገኘው ሬዚስታንስ 25,812.807 ኦም ለሙሉ ቁጥር የተካፈለ ሆነ። ናሙናው ጥቂት ቆሻሻ ቢኖርበት፣ ቅርጹም ቢለያይ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ዴቪድ ታውለስና ባልደረቦቹ ያ ሙሉ ቁጥር የዙር ቆጠራ መሆኑን በ1982 አሳዩ። ታውለስ በ2016 ከሃልዴንና ከኮስተርሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የመብራት ቆጣሪን የሚያስቆም፣ ኃይል የማያባክን ሽቦ በቅርቡ ይመጣል የሚለው ወሬ ግን ገና ነው። በቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር ጠርዝ የሚጓዝ ኤሌክትሮን ተራ እንከን ሲገጥመው ወደ ኋላ አይመለስም፤ መግኔታዊ ቆሻሻ ካለ ግን ጥበቃው ይፈርሳል። ጠርዙ ከተራ ብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታም ሬዚስታንስ አይቀርም። ዛሬ በእርግጥ ሥራ ላይ የዋለው የክሊትዚንግ ቁጥር ነው፦ የብዙ አገሮች የልኬት ተቋማት የኦምን መለኪያ የሚያስተካክሉት በእሱ ነው።