ለየጭነቱ የሚስማማ ቋጠሮ

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ሲባል ሳይሰማ ያደገ ከመካከላችን የለም። ተረቱ ግን ስለ ድሩ ይናገራል እንጂ ስለ ቋጠሮው ምንም አይልም። ድሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር አስተሳሰሩ ካልታወቀ፣ አንበሳው ቀርቶ አንዲት የቡና ጆንያ እንኳ ባለችበት አትጸናም። “የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ገመድ ምን አገባው?” የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ከነቀምቴና ከወለጋ ከተሞች የመጣን ብዙዎቻችን የተማርነው በገመድ ታስሮ ገበያ ከወጣ ቡና፣ በቆሎና ሰሊጥ በተገኘ ገንዘብ ስለሆነ፣ ነገሩ በጣም ይመለከተናል።

ወለጋ ባሕር ባይኖረውም የመርከበኛ ገመድ ለአገሩ ነጋዴ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ስፍራ እንዲሰጥ ስለተፈቀደ፣ ጋምቤላ ከሱዳን ጋር የምንገበያይባት የወንዝ ወደብ ሆነች። ከሳዮ፣ ማለት ከዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ቡናው በጋማ ከብት ተጭኖ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ወንዙ በሚሞላበት በክረምቱ ወራትም የእንፋሎት መርከቦች እየመጡ ይቀበሉት ነበር። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ወንዝ ዳር የሲራራ ነጋዴው መጫኛና የመርከበኛው ገመድ በአንዱ ጆንያ ላይ ይገናኙ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ አህያና በቅሎ ከገጠር እስከ ከተማ፣ የጭነት መኪና ደግሞ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸከማሉ። ጀልባ በነፋስ የሚሄድበት ጨርቅ ስሙ ሸራ ነው፤ የመኪናው ጭነት የሚሸፈንበትም ያው ሸራ ነው። ነፋስ ሁለቱንም ስለሚያርገበግባቸው የሚሹት ቋጠሮም ብዙ አይለያይም። አሜሪካዊው ክሊፎርድ አሽሊ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ከ3,800 በላይ ቍጥር የተሰጣቸውን የአስተሳሰር ዘዴዎች ዘርዝሯል። ለእኛ ግን አምስቱ ይበቁናል።

ከማሰራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ገመዱ ሳያቋርጥ ይሳባል ወይስ እየላላና እየጠበቀ ይንቀጠቀጣል? ሁለተኛ፣ በችኮላ መፍታት ያስፈልግ ይሆን? ሦስተኛ፣ ገመዱ ከምን የተሠራ ነው? በአፋን ኦሮሞ ፉኞ የሚባለው የቃጫ ገመድ ሸካራ ስለሆነ ቋጠሮን ይይዛል፤ በዝናብ ሲርስ ግን ስለሚያብጥ ቋጠሮው አልፈታ ይላል። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ይሾልካል፣ ሸክም ሲበዛበትም ይለጠጣል።

የመጀመሪያው የማይጠብቅ ቀለበት ነው። ከብት በአንገቱ ሲታሰር ወይም ሰው ወገቡን ታስሮ ወንዝ ሲሻገር የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሸምቀቆ በዚህ ስፍራ ነፍስ ያጠፋል፤ እንስሳው በወደቀ ጊዜ ይበልጥ እየጠበቀ ያንቀዋልና። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጫፉን በረጅሙ በመተው ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ በቀለበቱ መገናኛ ላይ የጫፉ ወገን ከላይ ይሁን። ጫፉ በአንገቱ ዙሪያ ከዞረ በኋላ ከትንሹ ቀለበት ሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሸክም በሚይዘው ገመድ ጀርባ ይዞርና በወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ወደ ታች ይገባል።

ሁለተኛው የምሰሶ ማሰሪያ ነው። ገመዱ በምሰሶው ላይ ሁለት ጊዜ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ጫፉ በዋናው ገመድ ላይ ሁለት ጊዜ በአንድ አቅጣጫ እየዞረ በየዙሩ ውስጥ ይሾልካል። አብዛኛውን ክብደት ጥምጥሙ ስለሚይዝ ቋጠሮው አይጨነቅም። በመጨረሻው ዙር ጫፉን አጥፎ ማስገባት ደግሞ በአንድ ስበት እንዲፈታ ያደርገዋል። በቅሎ በደነበረች ጊዜ የዚህ ጥቅም ይታወቃል።

ሦስተኛው መቀጠያ ነው። መጫኛ ሲያጥር ብዙዎቻችን ሁለቱን ጫፎች ቀኝ በግራ፣ ግራ በቀኝ አድርገን እንቋጥራለን። አሽሊ ይህ ቋጠሮ ለመቀጠያ ሲውል ምናልባት ከሌሎቹ ቋጠሮዎች ሁሉ ድምር ይበልጥ ሰው እንደጎዳ አስጠንቅቋል። ሲንቀጠቀጥ ይገለበጥና ይሾልካል፤ አንዱ ገመድ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነማ ጨርሶ አይታመንም። በእርሱ ፈንታ ወፍራሙ ገመድ ይታጠፋል፤ ቀጭኑ በእጥፋቱ ውስጥ ከሥር ይወጣል፤ በእጥፋቱ ሁለት እግሮች ጀርባ ይዞራል፤ በመጨረሻም እንደገና ወደ እጥፋቱ ሳይገባ በራሱ ሥር ይሾልካል። ገመዱ ናይለን ከሆነ ሁለት ጊዜ ማዞር ይገባል።

አራተኛው መወጠሪያ ነው። ገመዱ በጭነቱ ላይ ካለፈ በኋላ በጐን በኩል በመካከሉ በቀላሉ የሚፈታ ቀለበት ይሠራበታል። ጫፉ ከመኪናው መንጠቆ ሥር አልፎ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣና ወደ ታች ይሳባል፤ ከዚያም እንደ ምሰሶው ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ዞሮ ይታሰራል። በስሌት የሳቢውን ጉልበት ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፤ ሰበቃ ብዙውን ቢበላበትም የተረፈው ሸራውን ለመወጠር ይበቃል። በእንስሳ ጀርባ ላይ ግን መጠን ያስፈልጋል። የግራና የቀኙ ጆንያ ሚዛን ካልተስተካከለ፣ ገመድ በማጥበቅ ብቻ የሚገኘው የቆሰለ ጀርባ ነው።

አምስተኛው በመቀጠያነት የነቀፍነው ያው ቋጠሮ ነው። ጥፋቱ ያለቦታው መዋሉ ነበር እንጂ የጆንያን አፍ ለመዝጋትና የተጠቀለለ ሸራን ለማሰር መልካም ነው። መርከበኞችም ሸራቸውን ሲያሳጥሩ የሚያስሩት በእርሱ ነው። የታሰረው ነገር ከውስጥ እየገፋ ስለሚደግፈው በስፍራው ይጸናል።

በማናቸውም ቋጠሮ ላይ ሁለት ነገር አይዘንጋ። ብዙዎቹ ቋጠሮዎች የገመዱን ጥንካሬ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሱበታል፤ ስለዚህ “ገመዱ ይህን ያህል ይሸከማል” የተባለውን ሁሉ መጫን አይገባም። ደግሞም የጫፉ ትርፍ በጣም ካጠረ ደህናው ቋጠሮ ሊያመልጥ ይችላል። ልምድ ያለው ረዳት ጥቂት መንገድ ከተሄደ በኋላ መኪናውን አስቁሞ ገመዱን የሚዳስሰው በከንቱ አይደለም። ጭነቱ ረግቶ ገመዱ የሚላላው ያን ጊዜ ነው። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ከላሉ ግን የሚጠፋው ቡና ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከኋላ የሚከተል መኪና፣ በመንገድ ዳር የሚሄድ እግረኛም አለ።

እንግዲህ የጥሩ ቋጠሮ መለኪያው በቶሎ መታሰሩ፣ ሥራው እስኪፈጸም መያዙና ሲፈለግ መፈታቱ ነው። ይዞ የማይፈታ በመጨረሻ በቢላዋ ይቆረጣል፤ መጫኛውም በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ ዕድሜያቸውን ሲጭኑና ሲያራግፉ ያሳለፉትን አባቶች እንዴት እንደሚያስሩ እንዲያሳዩን እንለምናቸው። የቋጠሮውን ስም ባይነግሩንም እጃቸው ያውቀዋል። እኛም በወረቀት ላይ እንሳለው፤ እጅ የሚያውቀው ነገር ካልተጻፈና ካልተለመደ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራልና።