ውሻው ሲናከስ ማንን እንጥራ?

ቡቺ ጆሮው አካባቢ ሲነኩት መናከስ ጀመረ። አምስት ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ጀርባው ላይ ሲወጣበት ጅራቱን እየቆላ ዝም የሚል ውሻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእህቴ ልጅ እንደ ወትሮዋ አንገቱን ልታቅፍ ጎንበስ ስትል አጉረመረመና እጇን ለቀም አደረጋት። ጥርሱ ቆዳዋን አልበሳም፤ የዓመቱን ክትባትም ወስዷል። ያም ሆኖ እጇን በሳሙና ደጋግመን አጠብን፤ ድንጋጤው ግን ቀኑን ሙሉ አለቀቀንም።

ቤታችን አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ነው፤ ከኩልፎ ወንዝ ብዙም አይርቅም። በዚህ ሰፈር ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ውሻው ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፤ ሌባና ጅብ ይጠብቃል፣ ከጫካው ወደ ጓሮ የሚወርደውን ዝንጀሮ ያባርራል። እንዲህ ያለ ውሻ ሰው ሲነክስ መካሪው ብዙ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ጎረቤታችን «ጠግቧል፣ ምግብ ቀንሱበት» አለን። ሌላው «ንቋችኋል፤ አንድ ቀን በደንብ ግረፉትና ጌታው ማን እንደሆነ ይወቅ» አለ። የጥበቃ ውሻ የሚያሠለጥን አንድ ሰው ደግሞ ቡቺን በዓይኑ ሳያየው በስልክ «በሁለት ሳምንት ልክ አስገባላችኋለሁ» ብሎ ዋጋውን ነገረን። እናቴ ብቻ «ልጄ፣ መጀመሪያ ታሞ እንደሆነ ይታይ» አለች።

ሰኞ ዕለት አንድ የእንስሳት ሐኪም በሞተር ሳይክል መጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ውሻውን አልነካውም። በር ላይ ቆሞ ጠየቀን፦ ከመቼ ጀምሮ ነው? የነከሰው ማንን ነው? ሲነክስ የቱ ጋ ነክታችሁት ነበር? ይበላል ወይ? ውኃ ሲጠጣ ይቸገራል? ጩኸቱ ተለውጧል? ሌላ ውሻ ነክሶት ያውቃል? ክትባቱን የወሰደው መቼ ነው? መልሳችንን በትንሽ ደብተር ጻፈ። ቡቺም በዚህ መሀል መጮኹን ትቶ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ተኛ። ሐኪሙ ይህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ አፉን በፋሻ አስሮ፣ ባትሪ አብርቶ የግራ ጆሮውን ገለጠ። ጥልቁ ውስጥ ሦስት መዥገሮች ደም ጠጥተው ባቄላ አክለው ተጣብቀዋል። ከሥራቸው ያለው ቆዳ ቀልቷል፤ ቡናማ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። አንድ በአንድ በወረንጦ ነቀላቸው፤ ጆሮውን አጥቦ መድኃኒት ጨመረበት። «ይህን ውሻ ብትገርፉት ኖሮ ስለታመመ ነበር የምትገርፉት» አለን።

ነገሩ በቡቺ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጆሮው የመረቀዘ፣ ጥርሱ የተሰበረ፣ መገጣጠሚያው ያበጠ ውሻ «አሞኛል» የሚልበት ቋንቋ የለውም። ያለው ማጉረምረም፣ መሸሽና መንከስ ነው። በሰንሰለት የታሰረ ከሆነ ደግሞ መሸሹም ቀርቶበታል። ስለዚህ ለዓመታት ጨዋ የነበረ ውሻ ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ መጀመሪያ መጠራት ያለበት የሚያሠለጥነው ሳይሆን የሚመረምረው ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ አላመነታም።

ሐኪሙ ስለ ውኃ አጠጣጡና ስለ ጩኸቱ የጠየቀው ያለ ነገር አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በጠባይ ለውጥ ነው። ገራሙ ተናካሽ ይሆናል፤ ሰው የሚሸሸው ያለ ፍርሃት ይቀርባል፤ ድምፁ ይጎረንናል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ ይላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ይመለሳል። ስለዚህ ጥርስ ቆዳ ከበሳ ወይም ለሃጭ ቁስል ከነካ ቦታውን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ውሻውን ቸኩሎ ገድሎ መቅበርም ስህተት ነው። ሰው ሳይነካው ለብቻው ተይዞ አሥር ቀን በሐኪም ክትትል ከቆየና በዚያ ጊዜ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ሕክምናውን ለመጀመር አሥሩን ቀን አይጠብቅም።

እንግዲህ ሐኪሙን እንዴት እንምረጥ? በእኛ አገር መርፌ የያዘና ከብት የሚያክም ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ ሰርተፊኬት ያለው ረዳት አለ፣ ዲፕሎማ ያለው ቴክኒሻን አለ፣ የእንስሳት ሕክምና ዶክትሬት የያዘም አለ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሐኪም ሲያስተምር ቆይቷል፤ በኋላም ጎንደር፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳና ሌሎችም ተጨምረዋል። «ዶክተር፣ የተማሩት የት ነው? ፈቃድዎ የምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን «ውሻ ብዙ አክመዋል?» የሚለው ነው። በየወረዳው የተመደቡት ባለሙያዎች ሥራቸው በአብዛኛው በሬ፣ ላም፣ በግና ዶሮ ነው፤ ገበሬው የሚኖረው በእነሱ ነውና ተገቢም ነው። ሐቀኛ ሐኪም «ውሻ ብዙም አላየሁም፣ ግን የሚያይ ሰው አውቃለሁ» ይላል። እንዲህ ያለውን አምናለሁ።

የውሻ ጠባይ ሐኪም የሚል ታፔላ በከተማችን፣ በሲቀላም በሴቻም፣ አላየሁም። በሌላው ዓለምም ሙያው ወጣት ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ኮሌጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ አባል ለመሆን የእንስሳት ሕክምና ጨርሶ በጠባይ ላይ ለዓመታት መሠልጠንና ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በዚያው በአሜሪካ ግን ራሱን «የውሻ አሠልጣኝ» ብሎ ለሚጠራ ሰው በአብዛኛው የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ መለያው ታፔላው ሳይሆን የሰውየው አሠራር ነው፤ ይህ እዚያም እዚህም አንድ ነው።

አሠልጣኝ ማለት ደግሞ የጠባይ ባለሙያ ማለት አይደለም። ውሻን «ተቀመጥ»፣ «ና»፣ «ተወው» ማስተማር አንድ ሙያ ነው፤ በፖሊስ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች በዚህ የተካኑ ናቸው። ፍርሃት፣ ሕመም ወይም ልጅን መጥላት የተቆራኘውን ውሻ መመለስ ግን ሌላ ሥራ ነው። «ተቀመጥ» ሲሉት የሚቀመጥ ውሻ ተቀምጦም ሊፈራ ይችላል።

«ንቋችኋል» የሚለው ምክር በእኛ ሰፈር ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በሌላው ዓለም የሳይንስ ልብስ ለብሶ ለአሥርት ዓመታት ዞሯል። ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 በስዊዘርላንድ ባዝል መካነ እንስሳት ታጥረው ስለሚኖሩ ተኩላዎች ጻፈ። ተኩላዎቹ ለበላይነት ይጣሉ ነበር። ዴቪድ ሜክ የተባለው አሜሪካዊም መንጋውን የሚመራው በጠብ የበላይ የሆነው ነው የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፋው። በኋላ ግን ሜክ ራሱ ካናዳ ውስጥ በኤልስሜር ደሴት በነፃነት የሚኖሩትን ተኩላዎች ዓመት ከዓመት ሲከታተል ያየው እናትና አባት ልጆቻቸውን ይዘው የሚኖሩበት ቤተሰብ ነበር፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1999 ጽፎ የቀድሞውን ሐሳብ አረመ። በዱላ «ጌታው እኔ ነኝ» የሚለው የውሻ ሥልጠና የቆመው ከተኩላ ተወስዶ፣ ያስፋፋው ሰው ራሱ በተወው ሐሳብ ላይ ነው።

ዱላው የሚያመጣውም ተለክቷል። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ አመለኛ ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከሞከሩ ባለቤቶች መካከል 43 በመቶው ውሻው በጠብ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል። በጀርባው አጋድመው ከያዙት ውስጥም 31 በመቶው እንዲሁ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ማጉረምረሙን መቅጣት ነው። ማጉረምረም ውሻው «ተወኝ» የሚልበት ማስጠንቀቂያ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር የተመታ ውሻ ፍርሃቱ ሳይለቀው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ይተዋል። ከዚያ በኋላ «ሳይታሰብ ነከሰ» ይባላል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው፤ ውሾቹ ገና ምግብ ሳይቀርብላቸው፣ የሚመግባቸውን ሰው ሲያዩ ምራቃቸው እንደሚወርድም አስተዋለ። አንዱ ነገር ሌላውን ካስከተለ አካል ቀድሞ ይዘጋጃል። ልጅ በመጣ ቁጥር ሰንሰለቱ የሚጎተትበት ውሻ ልጅንና ሕመምን ያያይዛል። ልጅ በመጣ ቁጥር፣ እሱም ገና ሳይጮኽ፣ ቁራጭ ሥጋ የሚወረወርለት ውሻ ደግሞ ልጅንና ሥጋን ያያይዛል። የጥሩ ባለሙያ ሙሉ ሥራው ይህን ማያያዣ ቀስ ብሎ መቀየር ነው። ከሚፈራው ነገር ያለውን ርቀት የሚመርጠው ውሻው አይቶ የማይደነግጥበት ድረስ አስፍቶ ነው፤ የሚያጠብበውም በውሻው ፍጥነት ነው።

ስለዚህ አሠልጣኝ ሲመጣ በሁለት ጥያቄ እጀምራለሁ። «ውሻው ደግ ሲያደርግ ምን ታደርግለታለህ? ሲሳሳትስ?» መልሱ ሰንሰለት ማጥበቅ፣ ዱላ፣ ማስራብ ከሆነ ቡና ጠጥቶ ይሂድ። ቀጥሎ የራሱን ውሻ ይዞ እንዲመጣ እጠይቃለሁ። ሰውየው ሲጠራው የውሻውን አካል አያለሁ። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከቶ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ፣ ከንፈሩን እየላሰ፣ የዓይኑ ነጭ እየታየ ከቀረበ፣ ያ ውሻ የጌታውን ሥራ በደንብ ነግሮኛል። ላላ ብሎ፣ ወገቡን እያወዛወዘ ከመጣም እንዲሁ። በዚህ ላይ «በሁለት ሳምንት» እያለ የሚምል ሰው አይሆነኝም። ሕያው ፍጡር ነው፤ መቼ እንደሚለወጥ ማንም መፈረም አይችልም። ውሻውን ወስዶ «ሲያልቅ እመልስላችኋለሁ» የሚልም አይሆነኝም፤ ውሻው የሚኖረው ከእኛ ጋር ነውና እኛም መማር አለብን።

ለወደፊቱ የሚያድነን ደግሞ ውሻን ገና ቡችላ ሳለ ማላመድ ነው። ጆን ስኮትና ጆን ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት ቡችላ ከሰውና ከዓለም ጋር የሚላመድበት ወሳኝ ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። በዚያ ዕድሜው ጓሮ ታስሮ፣ ልጅና ባጃጅ ሳያይ ያደገ ውሻ ኋላ ሁሉንም ቢፈራ አይገርምም።

የቡቺ ጆሮ በአሥር ቀን ዳነ። ፍርሃቱ ግን ጆሮው ከዳነ በኋላም አልለቀቀውም፤ እጅ ወደ ጭንቅላቱ ሲመጣ አንገቱን ይሰብቅ ነበር። ሐኪሙ በሁለተኛው ቀጠሮ ያዘዘን እንዲህ ነበር፦ ለጊዜው ልጅ አይቅረበው። ትልቅ ሰው እጁን ከጭንቅላቱ አንድ ክንድ ያህል አርቆ ያሳየው፣ ወዲያው ቁራጭ ሥጋ ይስጠው፣ ይመለስ። በቀን አምስት ጊዜ፣ ከዚያ አይብለጥ። እናቴ ይህን ሥራ ለማንም አልሰጠችም፤ ጠዋት ቡና ስታፈላ አጠገቧ አስቀምጣ ትጀምራለች። በሦስተኛው ሳምንት እጇ አንገቱ ላይ ደረሰ። በሰባተኛው ሳምንት የግራ ጆሮውን በሁለት ጣቷ ገልጣ መዥገር መኖሩን አየች። ቡቺ ዓይኑን ከሥጋው ሳህን አላነሳም።