ማዮማ በላፓሮስኮፒ ከወጣ በኋላ፦ እርግዝናና ወሊድ



ለአረፋ ወደ ቦረና፣ ሳይንትና ለጋምቦ ስንመለስ ልጅ ስለዘገየባት ሴት የሚወራውን እንሰማለን። «መካን ናት» ይባልና ነገሩ እስከ ፍቺ ይደርሳል። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ሕክምና ያለው ነው፤ የማህፀን እጢ ወይም ማዮማ።

ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ እጢ ነው። በጣም የተለመደ ነው፤ ካንሰር ሆኖ የሚገኘውም እጅግ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ እርግዝናን አይከለክሉም፤ በተለይ የሚያስቸግረው ወደ ማህፀን ውስጠኛው ክፍል የገፋው ነው።

በላፓሮስኮፒ ሲወጣ ሆድ ላይ 3 ወይም 4 ትናንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ መሣሪያ ይገባል። እጢው ይወጣል፤ የማህፀኑ ግድግዳም ይሰፋል። ሕመሙ ሆድ ተከፍቶ ከሚደረገው ያነሰ ነው፤ ታካሚዋም ቶሎ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የቆዳው ጠባሳ ትንሽ ስለሆነ የማህፀኑም ትንሽ ይመስላቸዋል። የውስጡ ቁስል ግን በእጢው ትልቅነትና ጥልቀት ልክ ነው። እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ተማሪዎች ኮንክሪት ላዩ ቢደርቅም ጥንካሬውን እስኪይዝ 28 ቀን እንጠብቃለን። ማህፀንም ጊዜ ይፈልጋል፤ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይረገዝ እንዲቆይ ይመክራሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሴቶች ያረግዛሉ። ቀዶ ጥገናው ግን ዋስትና አይደለም፤ ዕድሜም፣ የማህፀን ቱቦም፣ የባል ዘርም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ባልም ይመርመር። ይህ ሁሉ ካልሆነ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የከፈተው የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ።

በእርግዝናና በምጥ ጊዜ የተሰፋው ቦታ ሊቀደድ ይችላል። የሚደርሰው ከ100 ሴቶች ምናልባት በአንዷ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው፤ ሲደርስ ግን የእናትንም የልጅንም ሕይወት ያሰጋል። ቁስሉ ጥልቅ ከነበረ ሐኪሙ ምጥ ሳይጀምር በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ሊወስን ይችላል። በማንኛውም መንገድ ብትወልድ ቤት ውስጥ መሆን የለበትም፤ ቀዶ ጥገና የሚሠራበት ሆስፒታል ይሁን። መንገዱ ረጅም ለሆነባት ቀኗ ሳይደርስ ሆስፒታሉ ወዳለበት ከተማ ገብታ ዘመድ ቤት ወይም የእናቶች ማቆያ ትቆይ። ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ሳይነጋ መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ትቀበል፤ በስልክም ፎቶ ታንሳው። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ለአዋላጇ ትንገር። በሐፍረት የተደበቀ ጠባሳ ለአዋላጇ አይታያትም።

ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ይህንን ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችንና እህቶቻችን እናንብብላቸው። አላህ ለሚሹ ሁሉ ሷሊሕ ልጅ ይለግሳቸው፤ አሚን።