ልጅዎ የምትለጥፈው ሥዕል የማን ነው?

ቆቦ ከተማ ይኖራሉ እንበል። ከሥራ ውለው ማታ ቤት ሲገቡ ልጅዎ ስልክዎን ትጠይቅዎታለች። የሥዕል አስተማሪዋ ለክፍሉ ድረ ገጽ ስለ ራያ የሚናገሩ ምስሎች እንዲያመጡ አዘዋል። ልጅቱ «ራያ» ብላ ስትጽፍ ብዙ ፎቶግራፍ ተደረደረ። ከመካከሉ ሹሩባ የተሠራች አንዲት ሴት መረጠችና ከሥሩ «ከጉግል የተገኘ» ብላ ልትጽፍ ነው። እስኪ ቆም አድርገው ይጠይቋት፤ ፎቶግራፉን ያነሣው ማን ነው? ሴቲቱስ ማን ናት?

ጉግል ዕቃው ያለበትን ሱቅ የሚያመለክት ደላላ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ ምስሉ ወደሚገኝበት ገጽ ይግቡና የአንሺውን ስምና የሰጠውን ፈቃድ ያንብቡ። ለተማሪ የሚቀለው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ነው፤ በዚያ ለእያንዳንዱ ምስል የሠሪው ስምና የፈቃዱ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል።

በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ይጠበቃል። ሥዕል ደግሞ ሠሪው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት በ2004 ዓ.ም. በመሆኑ ሥራዎቻቸው ገና በጥበቃ ሥር ናቸው። አዋጁ ለማስተማር ሲባል በመጠኑ መቅዳትን ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ ምንጩና የሠሪው ስም በተቻለ መጠን እንዲጠቀስ ያዛል። ከክፍል ውጭ ዓለም ሁሉ በሚያየው ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ግን ባለቤቱ የፈቀደውን ብቻ መምረጥ ይበጃል።

ምስሉን ሲያስተካክሉ ዋናውን አስቀምጠው በቅጂው ላይ ይሥሩ። ዳሩን መቁረጥና ብርሃኑን ማስተካከል ይቻላል፤ የሰው ፊት እስኪጣመም መለጠጥ ግን ነውር ነው። ፈቃዱ «ለውጥ አይደረግበት» የሚል ከሆነም እንዳለ ይተዉት። ስፋቱን ወደ 1200 ፒክሰል ቢያወርዱት በደካማ ኔትወርክም ቶሎ ይከፈታል፤ የካርድ ሒሳብም ይቆጥባል።

ከምስሉ ሥር የሚጻፈው እንዲህ ነው፤ ርእሱ፣ የሠሪው ስም፣ የተገኘበት ገጽ፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ በመጨረሻም የተደረገው ለውጥ። ለምሳሌ «የማሽላ ማሳ፤ ፎቶግራፍ (የአንሺው ስም)፤ ከዊኪሚዲያ ኮመንስ፤ ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0፤ ዳሩ ተቆርጧል» ይባላል። የተነሣው ሥዕል ከሆነ የሠዓሊውም የፎቶግራፍ አንሺውም ስም ይጻፋል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የቆቦ ልጅ የማሽላ ማሳና የዞብልን ተራራ ከሩቅ ሰው ፎቶግራፍ መበደር ምን ያስፈልጋታል? በእርስዎ ስልክ ታንሣቸው። የአያቷን ስፌት ታንሣ፤ ከሥሩም አያቷ ከፈቀዱ የሰፉትን እጆች ባለቤት ስም ትጻፍ። የጎረቤት ልጆችን ፊት ግን ወላጆቻቸውን ሳያስፈቅዱ አያውጡ፤ የልጅዎንም ሙሉ ስምና የምትማርበትን ክፍል በአንድነት አይጻፉ።

ዛሬ ማታ ልጅዎ ያችን ሹሩባ የተሠራች ሴት መልሳ ትፈልግ። የአንሺው ስምና ፈቃድ ከተገኘ ከሥሯ ይጻፍ። ካልተገኘ ግን ምስሉ ይቅርና ነገ አያቷ ራሷን ሲሠሯት እርስዎ ፎቶግራፍ ያንሡ።