ራፕ፣ የኑሮ ምስክርነትና የወሎ የቃል ግጥም

ራፕ በማያቋርጥ ምት ላይ ከዜማ ይልቅ በንግግር ምጣኔ የሚደረደር፣ ቤት የሚመታ ስንኝ ሲሆን፣ ዲጄነትን፣ ብሬክ ዳንስንና የግድግዳ ላይ ሥዕልን አጣምሮ ከያዘው የሂፕ ሆፕ ባህል ጋር አብሮ የተወለደ የቃል ጥበብ ነው። ለባህሉ መነሻነት በተለምዶ የሚጠቀሰው፣ ከጃማይካ የፈለሰው ዲጄ ኩል ኸርክ በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ ሰፈር ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በእህቱ ግብዣ ላይ ሙዚቃ ያጫወተበት ምሽት ነው። በዚያው ወቅት ወሎ በረኃብ ትረግፍ ነበር። ሁለቱን ክስተቶች የሚያገናኝ አንዳች የምክንያትና የውጤት ክር ባይኖርም፣ ጎን ለጎን ሲታዩ ለዚህ ዳሰሳ ማዕከላዊ የሆነውን ጥያቄ ያነሣሉ፤ ይኸውም የተጎዳን ሰው ኑሮ ማን ይናገራል የሚለው ነው። የወሎን ረኃብ መንግሥት ሸሽጎት ቆይቶ፣ ለዓለም የገለጠው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ነበር። ረኃብተኛው ታየ እንጂ አልተናገረም። የብሮንክስ ወጣቶች ግን የሰፈራቸውን መቃጠል፣ የፋብሪካዎቹን መዘጋትና በአውራ ጎዳና ግንባታ መፈናቀልን የሚያውቁ ሲሆኑ፣ ውሎ አድሮ ይህንኑ በራሳቸው አንደበት መናገር ያዙ።

ይሁን እንጂ ራፕ ከመጀመሪያው የብሶት ድምፅ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስንኞች ጭፈራን ማሟሟቂያ ነበሩ። የማኅበራዊ ኑሮን ጭካኔ ወደ መድረኩ መሀል ያመጣው ሥራ ግራንድማስተር ፍላሽና ፊዩሪየስ ፋይቭ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት «ዘ ሜሴጅ» መሆኑ በሰፊው ይታመናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የዘፈኑን አብዛኛውን ክፍል የጻፈው በስቱዲዮ ሙዚቀኝነት ይሠራ የነበረው ኤድ ፍሌቸር እንጂ ስሙ በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ቡድን አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ራፐሩ «እኔ» ሲል የሚናገረው ሁልጊዜ የግል ታሪኩን ነው ብሎ መቀበል ስሕተት ነው፤ «እኔ» የሚለው ቃል በጥበብ የተቀረጸ፣ የብዙዎችን ኑሮ በአንድ አፍ የሚያናግር ገጸ ባሕርይ ሊሆን ይችላል። ምስክርነቱን ሐሰት የሚያደርገው ግን ይህ አይደለም። የዘፈኑን እውነት የሚመዝነው ሰፈሩን የሚያውቀው አድማጭ ነው።

በወሎ ይህ ዓይነቱ ምስክርነት ከራፕ እጅግ የቀደመ ታሪክ አለው። ሲሞላ ውሃው ወደ ሎጎ ሐይቅ የሚወርደው የአርዲቦ ሐይቅ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና የአምባሰል ተራራ የሚገኙበት አካባቢ፣ ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዋና ቅኝቶች አንዱ ስሙን ያገኘበት ምድር ነው። ቅኝት ማለት ዜማው የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች አሰላለፍ ሲሆን፣ አምባሰል፣ ትዝታ፣ ባቲና አንቺ ሆዬ በሚባሉት በእነዚህ ቅኝቶች ላይ የወሎ አዝማሪ በማሲንቆው ፍቅርን፣ ስደትንና የገዥን በደል ሲያዜም ኖሯል፤ ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት የአምባሰልን ዜማ በመላው አገር ያስተዋወቀችውም ከዚሁ ባህል ወጥታ ነው።

ከራፕ ጋር ሲነጻጸር አዝማሪው የሚናገርበት መንገድ በሁለት ነገሮች ይለያል። አንደኛው ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰም የስንኙ ግልጽ ፍቺ ሲሆን ወርቅ ከሥሩ የተሸሸገው ሁለተኛው ትርጉም ነው፣ ይህም ባለሥልጣኑ ፊት የተነገረ ነቀፌታ ሲጠየቅ ሊካድ እንዲችል ያደርጋል። ሁለተኛው ከአድማጩ ግጥም መቀበል ነው። አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ያቀብላል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ስለዚህም የንግግሩ ኃላፊነት በሁለቱ መካከል ይከፈላል። ራፐሩ ግን የገዛ ስሙን፣ የሰፈሩን መጠሪያና የጎረቤቱን ችግር በግልጽ ይጠራል፤ ቃሉን የሚጋራው፣ ሲጠየቅም የሚሸሸግበት የለውም። የራፕ ድፍረትም አደጋውም ከዚህ የሚመነጭ ይመስላል።

ከአዝማሪው ባልተናነሰ ሊጠቀስ የሚገባው የወሎ መንዙማ ነው። መንዙማ የእስልምና ውዳሴ ግጥም ሲሆን፣ መሪው ስንኝ ሲያወጣ ጉባኤው አዝማቹን በድቤ ይቀበላል፤ በወሎም በአረብኛ ብቻ ሳይሆን በዐጀሚ፣ ማለትም በአረብ ፊደል በሚጻፍ አማርኛ ተደርሷል። በ1870 ዓ.ም. በደሴ አቅራቢያ የተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካለቀ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊሞች ወደ ክርስትና እንዲገቡ ባስገደዱበት ዘመን፣ ተቃውሞውን ከመሩት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ሼኽ ጦልሐ ጀዕፈር በዐጀሚ አማርኛ ግጥም ደራሲነታቸውም ይታወቃሉ። እንዲህ ያለው ግጥም እምነትን ለማጽናት የተደረሰ ቢሆንም፣ ለዛሬው አንባቢ የዘመኑን ግፍ የተጎዳው ወገን በገዛ ቃሉ ያስቀመጠበት ማስረጃ ጭምር ነው፤ ስለ ተቃውሞ ግጥም ሲወሳ የአዝማሪው ተነሥቶ ይህኛው ዝም ተብሎ መታለፉም ተገቢ አይደለም።

በአማርኛ የሚደረደረው ራፕ ያደገው በአዲስ አበባ ነው። ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር በማቀላቀል ብዙ አድማጭ አገኘ፤ ልጅ ሚካኤልም የከተማ ወጣቱን ቋንቋ ወደ መድረክ አወጣ፤ «ማለፊያ» የተሰኘውን አልበም ያቀረበው ካስማሰ ደግሞ የሸገርን የዕለት ተዕለት ኑሮ በተረጋጋ፣ ለንግግር በቀረበ አማርኛ ይናገራል። የአማርኛ ግሥ ብዙ ጊዜ ባለቤቱንና ተሳቢውን በመድረሻው ላይ ስለሚደርብ ቤት መምታት እጅግ ቀላል ነው፤ ይኸው ቅለት ግን ወጥመድ ሆኖ፣ ተመሳሳይ መድረሻ ያላቸው ግሦች የሚደራረቡባቸው ደካማ ስንኞች እንዲበዙ አድርጓል። ጎበዞቹ ራፐሮች ቃል በመጥበቁና በመላላቱ ፍቺው የሚለወጥበትን የአማርኛ ባሕርይ ይጠቀሙበታል፤ በዚህም ሳያውቁት ወይም አውቀው ወደ ሰምና ወርቅ ይመለሳሉ። የሆነ ሆኖ፣ በአገር ቤት በስፋት የተደመጠው ራፕ ከብሶት ይልቅ ለደስታ፣ ለፍቅርና ለራስ ውዳሴ ያደላ መሆኑን መናገር አግባብ ነው፤ የቤት ኪራይን፣ ሥራ ማጣትን ወይም የሰፈር መፍረስን በቀጥታ የሚያነሡት ሥራዎች በአንጻሩ አልጎሉም።

ኢትዮጵያውያን በራፕ ስለ ኢፍትሐዊነት ፊት ለፊት የተናገሩበት ጉልህ ምሳሌ የሚገኘው በእስራኤል ነው። በዘመቻ ሙሴ (እ.ኤ.አ. 1984–85) እና በዘመቻ ሰሎሞን (ግንቦት 1983 ዓ.ም.) ወደ እስራኤል የተጓዙት፣ በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ የሆኑት ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ በሃይማኖት ወደ ወገናቸው ሄደው በቆዳቸው ቀለም ባይተዋር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ከኢትዮጵያውያን የተለገሰ ደም በምስጢር ይደፋ እንደነበር ሲታወቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ተሰለፉ። በዚያ አገር ያደገው ትውልድ የአሜሪካ ጥቁሮችን ራፕና የጃማይካን ሬጌ የገዛ ታሪኩን መናገሪያ አድርጎ መያዙን አንትሮፖሎጂስቷ ማልካ ሻብታይ በመጽሐፍ ደረጃ አጥንታዋለች። ትርጉሙ «ጠንካራ ጥቁር ቡና» የሆነውን «ካፌ ሻሖር ሐዛቅ» የሚል ስም የያዙት የአክስትና የአጎት ልጆች ኡሪ አላሞና ኢላክ ሳሃሉ በዕብራይስጥ ሲደረድሩ፣ የሚነቀፉበትን ቀለም ስማቸው አድርገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ ዝርያ ያለው ወታደር ሆሎን ከተማ ውስጥ በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተሰራጨ በኋላና በ2019 ከሥራ ሰዓቱ ውጪ የነበረ ፖሊስ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከገደለ በኋላ በተነሡት ሰልፎች የተሰማው ቁጣ፣ በእነዚህ ወጣቶች ሙዚቃ ውስጥ አስቀድሞ የነበረ ነው። ወላጆቻቸው ከጎንደር ያመጡት አማርኛ በቤት ሲቀር፣ ልጆቹ ለክሳቸው የመረጡት የከሳሹንም የተከሳሹንም ቋንቋ፣ ዕብራይስጥን መሆኑ ራሱ የሚያስገነዝበው አለ፤ ስንኙ እንዲሰማው የሚፈለገው በዳዩ ነው።

ኢትዮጵያ ለዓለም ራፕ ያበረከተችው ሌላ ነገር ድምፅ ነው። ሳምፕል፣ ማለትም ከቆየ ሸክላ ተቆርጦ አዲስ ምት የሚሠራበት ቅንጣቢ፣ ለራፕ ሙዚቃ መሠረት ሲሆን፣ ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር» በተባለው ሥራቸው የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ተጠቅመዋል፤ ኦ ኖ የተባለው ፕሮዲውሰርም ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ሠርቷል። በአገር ቤት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ያስከብራል፤ የወሎ ሕዝብ በጋራ ያቆየው የትዝታ ቅኝት ግን የአንድ ሰው ድርሰት ስላልሆነ በደራሲነት የሚጠይቅለት ባለቤት የለውም።

ስንኝ እንደ ምስክርነት ሲቆጠር በፍርድ ቤትም መዘዝ አለው። በአሜሪካ ዐቃቤ ሕጎች የራፕ ግጥምን እንደ እምነት ቃል ሲያቀርቡ በመቆየታቸው፣ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 የፈጠራ ሥራ በማስረጃነት የሚቀርብበትን መንገድ በሕግ ገድባለች። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽን በስም ጠቅሶ ሲጠብቅ፣ የጥላቻ ንግግርን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የንግግርን ወሰን ያሰምራል፤ በገጸ ባሕርይ አፍ የተነገረን የቁጣ ስንኝ ከሁለቱ በየትኛው መመዘን እንደሚገባ የሚወስን ዳኛ የጥበቡን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል።

ወደ ወሎ ስንመለስ፣ በአርዲቦ ዙሪያ፣ በተሁለደሬና በአምባሰል ወረዳዎች፣ ለእንዲህ ያለ ምስክርነት የሚሆን ኑሮ ሞልቷል። ከደቡብ ወሎ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገሮች ይጎርፋሉ፤ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከተመላሾቹ መካከል ብዙ የወሎ ልጆች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴንና የሐይቅን ከተማ አዳርሶ ነዋሪውን አፈናቅሏል። ይህን ሁሉ እስካሁን በብዛት የተሸከመው የእናቶች እንጉርጉሮ ነው፤ እንጉርጉሮ ሰው ለራሱ፣ በሥራ ላይ ወይም በሐዘን ጊዜ በዝግታ የሚያዜመው ግጥም በመሆኑ ከደጃፍ አልፎ የማይሰማ፣ ቀድቶ የሚያስቀምጠው ሰው ካልተገኘም ከባለቤቱ ጋር የሚጠፋ ነው። የአማርኛ ራፕ በበኩሉ በአብዛኛው የወንዶችና የዋና ከተማ ድምፅ ሆኖ በመቆየቱ፣ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት ባዶ እጇን የተመለሰች የሐይቅ ልጅ በገዛ ስሟ «እኔ» ብላ የምትደረድርበት ቦታ ገና አልተከፈተም።